የተከፈለ ዕዳ እንደገና ሲጠየቅ

(በንባብ ቤት ለተሰበሰቡ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ በዚሁ ቦታ ስለ እህል አቀማመጥ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብድር ነው። ብድር ሲባል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን ትቋጥራላችሁ። እውነታችሁን ነው። ማዳበሪያው በብድር፣ ምርጥ ዘሩ በብድር፣ የውሃ መሳቢያው ሞተርም በብድር የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። ዛሬ ግን ብድር ስለ መውሰድ አንናገርም። ሰው ዕዳውን በቀኑ ከፍሎ ሲያበቃ አበዳሪው ድርጅት በስሕተት «አልከፈልክም» ቢለው ምን ማድረግ ይገባዋል? የዛሬው ነገራችን ይኸ ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይደርሳል እንጂ! የደረሰበትን ሰው እናውቃለን። የሰውየውንም የድርጅቱንም ስም አንጠራም፤ ለእኛ የሚጠቅመን ነገሩ ነው።

ሰውየው ጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። የውሃ ፓምፕ በዱቤ ወሰደ። የፓምፑ ዋጋ 30,000 ብር ነበር። 6,000 ብር በቅድሚያ ከፈለ። የቀረው 24,000 ብር ከነወለዱ 28,800 ብር ሆነና በአራት ጊዜ፣ በየስድስት ወሩ 7,200 ብር ሊከፍል ውል ፈረመ። ሦስት ጎረቤቶቹ ዋስ ሆኑት። ፓምፑም ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የድርጅቱ ንብረት እንደሆነ በውሉ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ክፍያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከፈለ። ሁለተኛው የሚከፈለው እስከ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ እሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጥር 28 ቀን ከፈለ። ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ።

በሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ የድርጅቱ ገንዘብ ሰብሳቢ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ «ሁለተኛው ዙር ክፍያ አልተከፈለም፤ የሦስት ወር ቅጣት ተጨምሮበታል፤ በጠቅላላው ቀሪ ዕዳ 21,816 ብር ነው፤ ውዝፉ በ15 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ፓምፑ ይወሰዳል፤ ዋሶችም ይጠየቃሉ» ይላል።

ነገሩን በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ሽንኩርቱ ገና ከመሬት አልወጣም። ፓምፑ ከሄደ ማሳው በሳምንት ውስጥ ይደርቃል። በማግሥቱ ሦስቱ ዋሶች መጡ። ክረምት እየቀረበ ነው፤ እነሱም የማዳበሪያ ብድር ይፈልጋሉ። «አንተ ካልከፈልክ እኛም አይሰጠን። እባክህ ለሰላም ብለህ ክፈልና ኋላ ትከራከራለህ» አሉት። ሰውየውም «እውነት ነው፣ ከመንግሥትም ከድርጅትም ጋር ማን ተከራክሮ ያሸንፋል?» አለና ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ለቅዳሜ ገበያ ሊያወጣው ቆረጠ።

ባለቤቱ የጎልማሶች ትምህርት ተማሪ ናት። «በሬው ከመሸጡ በፊት እስቲ ወረቀቱን እንየው» አለች። ውሉን ከሳጥን፣ ደረሰኙን ከካፖርቱ ኪስ አወጣችና ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ስሙ ልክ ነው። የአባቱ ስም ልክ ነው። ገንዘቡ ልክ ነው፤ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር። የውል ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። በውሉ ላይ ያለው ቁጥር መጨረሻው 0147 ነው። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን 0174 ነው።

ነገሩ ይኸው ነበር። ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋወጡ። 0174 ደግሞ በሌላ ቀበሌ የሚኖር፣ በስምም በአባት ስምም የሚመስለው የሌላ ሰው ውል ነው። የመስኮቱ ሠራተኛ ስሙን አይቶ «ልክ ነው» ብሎ መዘገበ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ አልተሰረቀምም። ሰው ደጅ ሄዶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በአገራችን በስምና በአባት ስም የሚመሳሰል ሰው ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። ስለዚህም ነው ድርጅቶች ሰውን በስሙ ሳይሆን በቁጥር የሚያውቁት። እኛም በድርጅት ዘንድ ስማችን ያ ቁጥር መሆኑን ማወቅ አለብን።

ያኛው ሰው ምን እንደሆነ ሳትጠይቁን አንቀርም። እሱም አልጠቀመውም። ከተማ ያለች ልጁ የከፈለችለት መስሎት ነበር፤ ስሕተቱ ሲታረም ውዝፍ ያለበት እሱ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ደረሰኝን ስለ ማንበብ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው። ፊደል ሳንቆጥር ደረሰኝ ማለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበር። ማኅተሙን አይተን እናጥፈዋለን። ዛሬ ግን አንብበን ነው የምናጥፈው። ከመስኮቱ ፊት ሳንነሣ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም፣ አንብበን ነው የምንሄደው።

የምናነበውስ ምኑን ነው? ስማችንን እስከ አያት። የውሉን ወይም የሒሳቡን ቁጥር፣ አኃዝ በአኃዝ፣ በጣት እየነኩ። የገንዘቡን ልክ፣ በአኃዝም በፊደልም፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ደረሰኙ መታረም አለበት። ከዚያ «ምክንያት» የሚለውን ቦታ ማየት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድርጅቱ ብድርም ቁጠባም የሚሠራ ከሆነ «የብድር ክፍያ» መባል ያለበት «ቁጠባ» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ገንዘቡ ቁጠባ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነው። ቅጣቱም ይቆጥራል። በመጨረሻ ቀኑንና የተቀባዩን ፊርማ እናያለን።

ስለ ቀን ጥቂት እንጨምር። ውላችን የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ማሽኑ የሚጽፈው ደረሰኝ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሆነበት ጊዜ አለ። ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር የካቲት ሊባል በሚችለው በሁለተኛው ወራቸው 5ኛው ቀን፣ 2025 ነው። ማሽኑ ይኸን 05/02/2025 ብሎ ይጽፈዋል። አሁን ልብ በሉ። አንዱ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያነባል፤ ሌላው ወሩን አስቀድሞ ያነባል። ወሩን የሚያስቀድመው ሰው 05/02ን አምስተኛው ወር፣ ሁለተኛው ቀን ብሎ ያነበዋል። ይኸ ደግሞ በእኛ ሚያዝያ 24 ነው። በቀኑ የከፈለ ሰው ወደ ሦስት ወር የዘገየ መስሎ ሊታይ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በደረሰኙ ጀርባ ላይ በእርሳስ «የተከፈለው ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ነው። ተቀባዩም በፊቱ እንዲፈርምበት መጠየቅ ነውር የለውም።

በስልክ የምትከፍሉም አላችሁ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ወደ ገጠሩም ገብቷል። እዚያ ደረሰኙ አጭር መልእክት ነው። መልእክቱ ውስጥ የክፍያ መለያ ቁጥር አለ። ስልክ ይወድቃል፤ ይሰበራል፤ ልጅ እየተጫወተ መልእክቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ገንዘቡን በዚያው ሰዓት ደብተር ላይ መገልበጥ ነው። የወረቀቱም ደረሰኝ ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለም። ማሽን የሚያትመው ለስላሳው ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነጭ ወረቀት ሆኖ ታገኙታላችሁ። አይጥም አለ፤ የጣሪያ ፍሳሽም አለ። አንድ ደብተር ለዕዳ ብቻ ይሁን። ባልም ሚስትም የት እንዳለ ይወቁት።

ደረሰኝ ሳይሰጥ «ነገ አመጣልሃለሁ» የሚል ገንዘብ ሰብሳቢ ቢያጋጥማችሁ፣ «እንግዲያው ገንዘቡንም ነገ ውሰደው» በሉት። ዘመድ ቢሆንም፣ አበልጅ ቢሆንም።

እሺ፣ ደረሰኙ ጠፋስ? ይኸ ከባድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደሚለው ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ብድሩን መክፈልም እንዲሁ ነው። «ስከፍል እገሌ አይቶኛል» ማለት አይበቃም ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የአብዛኛው ብድር ነገር የወረቀት ነገር ሆኗል። ያም ሆኖ ደረሰኝ የጠፋበት ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ደረሰኝ ሲቆረጥ ቀሪው በጥራዙ ላይ ይቀራል። የከፈላችሁበትን ቀን ካወቃችሁ «የዚያን ቀን ቀሪ አውጡና እዩልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደብተር ያልነው ለዚህም ነው፤ ቀኑን የምታገኙት ከዚያ ነው።

ወደ ፎገራው ቤተ ሰብ እንመለስ። ሚስትየዋ ስሕተቱን ባገኘች ጊዜ ባልየው ተነሥቶ «ሌቦች!» እያለ ወደ ከተማ ሊሮጥ ነበር። ከዋሶቹ አንዱ ያዘው። ደግ አደረገ። ከሠራተኛው ጋር የተሰዳደበ ሰው ነገሩ የዕዳ መሆኑ ይቀርና የስድብ ይሆናል። ሌላው ዋስ ደግሞ «ሽማግሌ እንላክ» አለ። ሽማግሌ ለጎረቤት ጠብ፣ ለወሰን ክርክር ጥሩ ነው። የድርጅት መዝገብ ግን በሽማግሌ አይታረምም፤ መዝገብ የሚታረመው በወረቀት ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ጻፉ።

የጻፉት ማመልከቻ ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ጎድሎት ነበር። 7,200 ብሩ በውላቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ፤ ቅጣቱን ረሱት። ድርጅቱም 7,200 ብሩን ወደ ቦታው መለሰና 216 ብር ቅጣቱን እንዳለ ተወው። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን 216 ብር መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ሰውየው «ውዝፍ ያለበት» ተብሎ ይጠራል፤ ዋሶቹም አዲስ ብድር ሲጠይቁ ስሙ ይነሣል። ያወቁትም በመቀነስ ነው። ከ28,800 ላይ ሁለት ጊዜ የተከፈለው 14,400 ሲነሣ 14,400 ብር ይቀራል። ድርጅቱ በመጀመሪያ የጠየቀው 21,816 ብር ነበር። ልዩነቱ 7,416 ብር ነው። 7,200 ብሩ ተስተካከለ፤ 216 ብር ቀረ። ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፉ። ድርጅቱ ቅጣቱን ሰርዞ «ቀሪ ዕዳ 14,400 ብር» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጣቸው። ሁለት ጊዜ ከተማ መመላለስ ግን የሥራ ቀን መብላት ነው።

እናንተ በአንድ ጊዜ እንድትጨርሱት ማመልከቻው እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል እነሆ፦

«ቀን ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ.................. ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት ገንዘብ በውሌ ቁጥር እንዲመዘገብልኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች በውል ቁጥር 0147 የውሃ ፓምፕ በዱቤ ወስጃለሁ። የሁለተኛውን ዙር ክፍያ 7,200 (ሰባት ሺህ ሁለት መቶ) ብር ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከፍያለሁ። በደረሰኙ ላይ ግን የውል ቁጥሩ 0174 ተብሎ በስሕተት ተጽፏል። ስለዚህ ክፍያው በውል ቁጥር 0147 እንዲመዘገብልኝ፣ በስሕተቱ ምክንያት የተጨመረብኝ 216 (ሁለት መቶ አሥራ ስድስት) ብር ቅጣት እንዲሰረዝልኝ፣ ቀሪ ዕዳዬም 14,400 (አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ) ብር መሆኑ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የውሉንና የደረሰኙን ፎቶ ኮፒ 2 ገጽ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስም .................. ፊርማ ..................»

ማመልከቻው አጭር ነው። ስድብ የለበትም፤ ልመናም የለበትም። «ድሃ ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ» አይልም፤ የተጠየቀው ምጽዋት አይደለማ። የደረሰኝ ቁጥር ካለ እሱም ይጨመርበት።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ መጻፍ ነው። አንዱን መዝገብ ቤት ተቀብሎ ያስቀራል። በሌላው ላይ የተቀበለበትን ቀንና ቁጥር ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይመልስላችኋል። ያ የተመለሰው ቅጂ ከደረሰኙ ጋር ይቀመጥ። ዋናውን ደረሰኝ ግን ለማንም አትስጡ። አሳዩት፣ ያመሳክሩት፣ መልሳችሁ ያዙት። የሚሰጠው ፎቶ ኮፒው ነው።

መልሱ እስኪመጣ ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛው፣ የሚቀጥለው ክፍያ ቀን ከደረሰ ያንን በቀኑ መክፈል ነው። የምንከራከረው ስለ አንዱ ዙር ነው፤ ሌላውን የማንክደው ዕዳ ነው። «እነሱ እስኪያርሙ አንዲት ሳንቲም አልሰጥም» ያለ ሰው በእውነት ውዝፍ ያለበት ሰው ይሆናል፤ ያኔ እውነቱ ከእጁ ይወጣል። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ሠራተኛው በደግነትም ቢሆን «እንግዲያውስ ዕዳውን እናራዝምልህ፣ እዚህ ላይ ፈርም» ሊል ይችላል። በዚያ ወረቀት ላይ 21,816 ብር ተጽፎ እንደሆነ፣ የፈረመው ሰው ያልነበረበትን ዕዳ አመነ ማለት ነው። አሻራ እናኖር በነበረ ጊዜ ስንቱን እንዲህ አምነን ይሆን! አሁን ግን ማንበብ እንችላለን። ያላነበብነውን አንፈርምም፤ ያነበብነውን ካልተስማማንበት አንፈርምም።

ቅርንጫፉ ካልመለሰ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጻፍ ይቻላል፤ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቅጂ ጋር። ለአነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠራቸው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ የደንበኞች አቤቱታ ወደዚያም ይቀርባል። ከዚያ ያለፈው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡባቸው ማዕከሎች አሏቸው፤ ክስ ከመጻፉ በፊት እነሱን መጠየቅ ገንዘብ ያድናል። አብዛኛው ነገር ግን፣ ወረቀቱ የተሟላ እንደሆነ፣ ቅርንጫፉ በር ላይ ያልቃል።

ስሕተቱ ሳይታወቅ ሁለተኛ ጊዜ የከፈለ ሰውስ? እሱም ተስፋ አይቁረጥ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። ማመልከቻው ያው ነው፤ «እንዲመዘገብልኝ» በሚለው ፈንታ «እንዲመለስልኝ» ይባላል። ሁለቱም ደረሰኞች ግን መኖር አለባቸው። በሬ ሸጦ ሁለተኛ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ቢያስመልስም፣ እስኪመለስለት ያለፈውን የእርሻ ወቅት ግን የሚመልስለት የለም፤ «ለሰላም ብለህ ክፈል» የሚለውን ምክር የማንወደው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ እንገናኛለን። በቤታችሁ ያለውን ውልና ደረሰኝ ሁሉ፣ የደበዘዘውንም፣ የተቀደደውንም፣ ይዛችሁ ኑ። ከየመንደሩ ማንበብ ቀደም ብለው የለመዱት ከጀማሪዎቹ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ቁጥር ከቁጥር እናስተያያለን። ቁጥሩ ያልገጠመለት ሰው ካለ ማመልከቻውን በዚያው ቀን እንጽፋለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ከእኛ ነው።